ያልተጠራው ሦስተኛው ጥሪ

ኑ፣ ተቀመጡ። ዛሬ ተረቴን የምነግራችሁ ተቆጥቼ ነው፤ የሚስቅ ካለ ከወዲሁ ይውጣልኝ!

ድሮ፣ ማማና ስልክ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ ከተራራ ጫፍ ባለ ማማ ላይ አራት ወንድማማች ኔትወርኮች ይኖሩ ነበር። ታላቃቸው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ስለሆነ አያ ሁለተኛ ይባላል። ድምፅና አጭር መልእክት እንጂ ሌላ አይሸከምም። ግን ሸለቆ ተሻግሮ ይደርሳል፤ ባለቁልፍ ስልክም የሚሰማው እሱን ብቻ ነው።

ከተራራው በታች ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ደምሰው፣ ከወዲህ እህቱ የሺመቤት ይኖራሉ። ሁለቱም ባለቁልፍ ስልክ አላቸው፤ የሚግባቡትም በሚስኮል ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ "ደህና ነኝ" ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ "ተሻግረሽ ነይ"። ሦስት ጊዜ ከሆነ "ደራሽ ውሃ መጣ፣ ከወንዙ ራቂ!"

አንድ ቀን ታናናሾቹ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ በአያ ሁለተኛ ላይ ተነሱበት።

"አንተ ፎቶ እንኳ አትሸከምም! ኢንተርኔት ይዤ የመጣሁ እኔ ነኝ!" አለ ሦስተኛ።

"ያንተ ፎቶ እስኪከፈት ጎመን ይበስላል! እኔ ሙሉ ሰርግ በቪዲዮ አደርሳለሁ!" አለ አራተኛ።

"ዝም በሉ! እኔ ዐይን እስኪርገበገብ አሥር ሰርግ አደርሳለሁ። ይሄ ሽማግሌ ቦታ ይልቀቅ!" አለ አምስተኛ።

የአያ ሁለተኛ ደም ፈላ። "እናንተ ምላስ ብቻ!" ብሎ ሳይጨርስ የደምሰው ስልክ ከማዶ ጮኸች፤ "አያ ሁለተኛ፣ ድረስ! ላይ ዘንቦ ደራሹ እየመጣ ነው። ለየሺመቤት ሦስት ጊዜ ጥራ!"

ጠራ፤ አንድ። ጠራ፤ ሁለት። ሦስተኛውን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ሦስቱ ተጋግዘው ገፈተሩት፤ ከማማው ሥር ወደቀ።

የሺመቤት ቆጠረች። "ሁለት። ወንድሜ ነይ ብሎኛል" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ወንዙ ወረደች።

"ኧረ አንዴ ጥሩ! እናንተ እርጉሞች፣ ሴትዮዋ ማለቋ ነው!" አለ አያ ሁለተኛ ከወደቀበት።

አምስተኛ ጮኸ፤ ድምፁ ፊት ለፊት ያለውን ጉብታ እንኳ አላለፈም። አራተኛ ጮኸ፤ ስልኳ ቋንቋውን አታውቅም። ሦስተኛ ጮኸ፤ እሱንም አልሰማችው። ደራሹ "እኔን ማን ጠራኝ? ራሴ መጣሁ!" እያለ የሺመቤትን ከመሃል ወንዝ ወሰዳት።

ውሃው ሲጎድል ደምሰው ዱላውን ይዞ ተራራው ላይ ወጣ። "ስንት ጊዜ ጠራችሁ?" አለ።

አምስተኛ "ሁለት ጊዜ... እኔ ብሆን በፍጥነት..." አለ።

"ፍጥነትህ ገደል ይግባ! እህቴን መልስልኝ!"

ማን ይመልስ? ደምሰው አያ ሁለተኛን አንስቶ፣ አፈሩን አራግፎ፣ ማማው ጫፍ ላይ መለሰው። ከዚያን ቀን ወዲህ አያ ሁለተኛ ወንድሞቹን አናግሮ አያውቅም። ደመና ሲከብድ ግን ማንም ሳይለምነው ወደ የሺመቤት ቤት ሦስት ጊዜ ይጠራል።

ሩጫ ያማረበት ሁሉ ወንድም አይደለም፤ ወንድም በጭንቅ ቀን የደረሰ ነው። ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ተዉት፣ ዛሬ አይወርድልኝም።