የዝግባ አፋፏ አንጓች

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። የእኔ አያት ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለች፣ ዝግባ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች።

አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ የሰው ጥጥ እየፈተለች የምታድር ድሃ ነበረች። ፊቷን በልጅነቷ ፈንጣጣ በልቶታል። ያኔ መንደሩ ሁሉ ስሟን ትቶ «ወንፊት» ይላት ነበር። ስታድግ ሰው ረሳው። እሷ ግን አልረሳችውም።

አንድ ክረምት ስመኝ የምትባል ልጅ ወደ መንደሩ መጣች። እናትና አባቷ ሞተውባት አጎቷ ነው ያመጣት። አንገቷና እጆቿ ላይ ለምጽ ነበረባት። የመንደሩ ልጆች ባዩዋት ቀን «ዥጉርጉሯ» አሏት። በማግስቱም «ዥጉርጉሯ» አሏት። እየቆየ አጎቷም ሲጠራት «ነይ አንቺ ዥጉርጉር» ማለት ጀመረ።

አንጓች ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጭ ስትወርድ ልጆቹ ስመኝን ከበዋት አገኘች። «ውሃውን እንዳትነኪ! ይጋባብናል!» እያሉ ቅሏን ነጥቀው ይደፉባታል። ስመኝ አታለቅስም። ጭቃው ላይ ቆማ እጆቿን በቀሚሷ ትሸፍናለች። አንጓች ይህን አሸፋፈን ታውቀዋለች። እሷም ፊቷን በነጠላዋ እንዲሁ ትሸፍን ነበር። ዱላ አንስታ ልጆቹን አባረረቻቸው። በማግስቱ ግን አንጓች በሌለችበት መንገድ ጠብቀው ስመኝን በድንጋይ ደበደቧት። «ጠባቂሽን ጥሪያታ!» አሏት።

አንጓች ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ አያ መኩሪያው ሄዳ አቤት አለች።

«ተይው አንጓች፣ የልጅ ጨዋታ ነው» አለ እየሳቀ። «እኛስ ስንቱን ተባብለን አይደል ያደግነው?»

አንጓች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። «ወንፊት» ይሏት ከነበሩት አንዱ እሱ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ቤቷ እየወሰደች ጥጥ ታስባዝታት ጀመር።

«ስምሽ ማነው?» ትላታለች።

«ዥጉርጉሯ።»

«እሱ ስም አይደለም። ስምሽ ማነው?»

ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች። አንጓች ደግማ ትጠይቃለች። ብዙ ቀን እንዲህ ከሆነ በኋላ፣ «ስመኝ» አለች ቀስ ብላ። አንጓች ግንባሯን ሳመቻት። ቀና ብላ መሄድን፣ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያዩ መናገርን አስተማረቻት።

አንድ ቀን ስመኝ ልጆቹ ፊት ቆመች። «ዥጉርጉሯ አትበሉኝ። ስሜ ስመኝ ነው» አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አለችው። አንጓች ከአጥሩ ጥግ ሆና ሰማች፤ ደስ አላት። ልጆቹ ግን ድምጿን እያስመሰሉ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ «ስሜ ስመኝ ነው! ስሜ ስመኝ ነው!» እያሉ መንደሩን ዞሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟም ስድብ ሆነባት።

«እማማ፣ ሁለተኛ አልናገርም» አለች ስመኝ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ፊት ቃል አልወጣትም።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ሴት ልጆች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ እየዘፈኑ ይዞራሉ። ስመኝም አበባዋን ለቅማ ወጣች። «ከአንቺ ጋር ከዞርን ማን ደጁን ይከፍትልናል?» ብለው ትተዋት ሄዱ። መንገድ ዳር ቁጭ አለች።

አንጓች አይታት እንዝርቷን ጣለች። ጠጉሯ የሸበተ ሴትዮ እንደ ልጅ ከመስኩ አበባ ነቅላ መጣች። «ተነሽ፣ ሁለታችን እንዞራለን» አለቻት። አሮጊቷ ታቀነቅናለች፣ ልጅቷ በቀጭን ድምጿ ትቀበላለች። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ሳቀ። አንዳንዱም ደጁን ዘጋ። አንዲት ሴት ዳቦ አወጣችላቸው፤ እጇ የስመኝን እጅ እንዳይነካ ግን ድንጋይ ላይ አስቀምጣው ገባች። አንጓች ዘፈኑን አላቋረጠችም። እያለቀሰች ዘፈነች።

ጥቅምት ላይ ስመኝን ንዳድ ጣላት። አንጓች አዝላ ቤቷ ወሰደቻት።

«እማማ፣ ስሞት ይሄ ለምጽ ይለቀኛል?»

«ቢለቅሽም ባይለቅሽም እኔ እንዳለሽ ነው የምወድሽ፣ ልጄ።»

ስመኝ የሰማቻት አትመስልም። እጆቿን ጋቢው ውስጥ እንደሸሸገች ሞተች። ቀብሯ ላይ የቆመው ሰው ጥቂት ነበር።

ዓመቱ ዞሮ እንቁጣጣሽ ሲመጣ አንጓች መንገዱ መሃል ቆማ ልጆቹን ጠበቀቻቸው። አበባቸውን ይዘው እየዘፈኑ መጡ።

«ማን ቀረ?» አለቻቸው።

ዘፈኑ ተቋረጠ።

«ከመካከላችሁ ማን ቀረ?»

«ስመኝ» አለች አንዷ፣ መሬት መሬቱን እያየች። በልጆቹ አፍ ያ ስም ያለ ሳቅ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

አንጓች አልተቆጣቻቸውም፤ አልመረቀቻቸውምም። መንገዱን ለቃላቸው ቤቷ ገባች። እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ እዚያው ቆማ ያንኑ ጠየቀቻቸው። ልፋቷ ለአንድ ልጅ እንኳ መጥቀሙን ሳታውቅ ሞተች።

ዛሬ በዝግባ አፋፍ የእንቁጣጣሽ ዘፈን እንዲሁ አይጀመርም። ከልጆቹ አንዷ «ማን ቀረ?» ትላለች። የቀረች ካለች ቤቷ ድረስ ሄደው እጇን ይዘው ያመጧታል። ሁሉም ከተሟላ በኋላ ግን ወዲያው አይዘፍኑም። ጥቂት ዝም ይላሉ። ዝምታው ለማን እንደሆነ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ይነግሯቸዋል። እኔም ለእናንተ ነገርኳችሁ።