የሚሠራው ቦኖ

የውሃ ቢሮው ኃላፊ ማይኩን እንደያዘ፣ በጀሪካን ውሃ እያመላለሰ ወደሚኖረው የሰፈራችን ሰው ጣቱን ቀሰረ። «አንተ፣ ተነስ! ሕዝቡን ወክለህ ለእንግዶቻችን መስክር!»

መረጃን ለሕዝብ ክፍት ስለማድረግ ለሚመክረው ጉባኤ ከየአገሩ የመጡት ሁሉ ዞረው አዩት። ግድግዳው ላይ የሰፈራችን ካርታ በርቷል። ቦኗችን ከደረቀ ስምንት ወሩ ነው፤ ካርታው ግን በሰማያዊ ነጥብ «ይሠራል» ይላል። ይሠራል ለተባለ ቦኖ ደግሞ ማን ጠጋኝ ይልካል?

«ይህን ካርታ የሠራው ኅብረተሰቡ ራሱ ነው። እስቲ ንገረን፣ ስህተት አለው?»

«ኧረ ምንም የለውም፣ ክቡርነትዎ» አለና ቢጫ ጀሪካኑን ከወንበሩ ሥር አወጣ። ሰተት ብሎ ሄዶም ከሰማያዊው ነጥብ ሥር ደቀነው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«የሰፈሩ ቦኖ እንደሆነ ጠብ አይልም። የሚሠራው ይሄኛው ከሆነ፣ ሰው ሳይቀድመኝ ወረፋ ልያዝ ብዬ ነው።»