ወደ ሚዜው የዞረው መነጽር

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ አዳኝም ነው። በቆሎው ጫካ ሥር ካለ ተዳፋት ላይ ስለነበር ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከርከሮ እየወረደ ይፈጀዋል። ስለዚህ እርሻው መሃል አራት እንጨት ተክሎ ማማ ሠራና፣ ፈቃድ ያወጣበትን ጠመንጃ ይዞ አመሻሽ ላይ እዚያ ይቀመጥ ጀመር። ከወንዙ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቱ፣ ሌላ በቆሎና ሌላ ማማ አለ። የዚያ ማማ ባለቤት ሚዜው ነበር። የሠርጉ ዕለት አጠገቡ የቆመው፣ የመጀመሪያ ልጁ ስትሞት መቃብር የቆፈረለት ሰው።

ቆይ ደግፌ፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ። «እኔ ምን አደረግሁት? ማየት ብቻ ነው ያየሁት፤ ማየት ደግሞ ምን ነውር አለው?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? እየመለስኩልህ ነው። አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፤ የከርከሮ ወሬ ለመርፌና ለክር ምኑ ነው ትል ይሆናል። ዝም ብለህ ስማ።

ሁለቱም ሃምሳን አልፈዋል። ዓይናቸው ደከመና ተኩሰው መሳት አበዙ። አንድ ቀን ተያይዘው ከተማ ወረዱ፤ ጠመንጃ ላይ የሚታሰር፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ሊገዙ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣላቸው። አንደኛው ርካሽ ነው። ሌላኛው የርካሹን አምስት እጥፍ ያወጣል።

«ምንድን ነው ልዩነታቸው?» አለ ሰውየው።

ባለሱቁ እውነተኛ ነጋዴ ነበር። እንደዚያ ያለም አይጠፋም። «በቀን ብርሃን ልዩነቱን አታውቁትም» አላቸው። «ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነው የሚለየው። ርካሹ ቶሎ ይጨልማል፤ ውዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምሮ ያሳያል። ርካሹ ደግሞ ሲተኮስበት ትንሽ ትንሽ ይዛነፋል፤ አልፎ አልፎ ወረቀት ሰቅለህ፣ ተኩሰህ ማስተካከል አለብህ። ለመሆኑ ከማማህ እስከ እርሻህ ዳር ስንት እርምጃ ነው?»

«ሰማንያ ቢሆን ነው።»

«ለሰማንያ እርምጃማ ይሄ ይበቃሃል። ብርህን አታባክን።»

ሰውየው ርካሹን ገዛ። በተረፈው ብር ለሚያፈሰው ጣሪያው ቆርቆሮ ሸመተበት። ሚዜው በዚያ ዓመት ማር ቀንቶት ስለነበር ውዱን ገዛ። እየተሳሳቁ፣ ቆርቆሮውን ተጋግዘው ተሸክመው ተመለሱ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰውየው ሁለት ከርከሮ ጣለ። በቆሎውም ደህና ሆነ። መነጽሬ፣ መነጽሬ እያለ መንደሩን አሰለቸው። እንግዲህ ልብ በል፤ መነጽሩ ምንም አልጎደለውም። ሰውየውም ምንም አልጎደለበትም።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አንዱ ወሬኛ ጠጋ አለና «የሚዜህ መነጽር እኮ ጉድ ነው! የከርከሮውን ሽፋሽፍት ያስቆጥራል» አለው። ሰውየው ሳቀ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ወንዙን ተሻግሮ የሚዜው ማማ ላይ ወጣ። «እስቲ ይህን መነጽርህን ልየው» አለ። ሚዜው ጠመንጃውን አነሣ፣ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ኪሱ ከተተ፣ ከዚያ ሰጠው። «ለማየት ብቻ ከሆነ ጥይት ምን ያደርግልሃል» አለው እየሳቀ።

ሰውየው ወደ ማዶ፣ ወደ ራሱ ማማ አነጣጥሮ አየ። ድንግዝግዝ ብሏል፤ በመነጽሩ ውስጥ ግን ገና ቀን ነው። የበቆሎው ቅጠል አንድ በአንድ ታየው። ማማው ምሰሶ ላይ ሰቅሎት የመጣው ኮቱ ታየው። የኮቱ የተቀደደ ኪስ ሳይቀር ታየው።

«ለካ እንዲህ አድርጎ ነው የሚያየኝ!» አለ በልቡ።

ጠመንጃውን መለሰና «ደህና ነው» አለ። ደህና ነው! አየህ፣ ግሩም ነው ማለት አቃተው። ቤቱ ሲገባ እራት አልወርድ አለው። ቅናት ነው፣ ደግፌ። ጨጓራዬን ነው፣ ድካም ነው እያልን ሌላ ስም አናውጣለት።

ከዚያ ወዲያ ማማው ላይ ሲወጣ ወደ እርሻው ማየት ተወ። ጠመንጃውን ያነሣና መነጽሩን ወደ ማዶ ያዞራል። መጀመሪያ «ስንት ከርከሮ እንደመጣበት ልየው» ብሎ ነው። ቀጥሎ ስንት እንደጣለ ሊቆጥር። በኋላ ምንም ምክንያት አላስፈለገውም። ሚዜው ውኃ ሲጠጣ ያየዋል፤ ሲያዛጋ ያየዋል፤ ያንን መነጽር በነጠላው ጫፍ ሲወለውል ያየውና ይቃጠላል። «ምን አለበት፣ ብርሃኑን ገዝቶ!» ይላል ብቻውን። ከርከሮዎቹ ደግሞ ሞኞች አይደሉም። በጀርባው በኩል ገብተው በቆሎውን ይቆረጥሙለት ጀመር።

ሚስቱ ጠዋት እርሻውን ዞራ ስትመለስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ግማሹ እኮ አለቀ! ማማው ላይ ምን ስትሠራ ታመሻለህ?»

«መነጽሩ ነው» አላት። «ርካሽ ስለሆነ አያሳይም።»

«ወዴት አዙረኸው ነው የሚያሳይህ?» አለችው።

ሰውየው ተቆጣ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ከማዶ ተኩስ ተሰማ። ወዲያው የሚዜው ቤተሰብ እልል ሲል ሰማ፤ ትልቅ ከርከሮ ወድቋል። ሰውየው ጠመንጃውን አነሣ፣ መነጽሩን ወደ ማዶ አዞረ። ጀንበር ጠልቃለች። ባለሱቁ እንዳለው ርካሹ መነጽር ጨልሟል፤ ማማው ላይ ከተቀመጠ አንድ ጥቁር ነገር በቀር የሚለይ የለም። ሰውየው ግን ማየቱን አልተወም። ትንፋሹን ዋጠ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ አጠበቀ። አዳኝ ነውና እጁ የለመደውን ያውቃል፤ ጣቱ ሳይታዘዝ ምላጩ ላይ ገባ። ጠመንጃው ጎርሷል። ለከርከሮ ያጎረሰው ጥይት ነው።

ሚዜው በዚያች ሰዓት ሌሎቹ ከርከሮዎች ወዴት እንደሸሹ በመነጽሩ ይፈልግ ነበር። መነጽሩ ወንዙን ተከትሎ ወረደ፣ ማዶ ወጣ፣ የሰውየው ማማ ላይ ደረሰ። ያ ውድ መነጽር ሁሉን ነገር ፍንትው አድርጎ አሳየው። የአፈሙዙን ክብ ቀዳዳ አሳየው። ከቀዳዳው ኋላ የተጨፈነውን ዓይን፣ የተነከሰውን ከንፈር፣ ምላጭ ውስጥ የገባውን ጣት አሳየው። ፊቱን ለየው።

መተኮስ ይችል ነበር፤ ቀድሞ ያነጣጠረበት ሰውየው ነው። እሱ ግን ጠመንጃውን ማማው ወለል ላይ አስተኛና ቀስ ብሎ ተነሣ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

ሰውየው በጨለመው መነጽሩ ያየው ጥቁሩ ነገር ሲረዝምና እጅ ሲያወጣ ነው። «ደግሞ ሊጨፍርብኝ ነው!» ብሎ ተንገበገበ። እጆቹ ግን አልተወዛወዙም። እንደተሰቀሉ ቀሩ። «ምን ሆኗል? ማን ነው ያስፈራራው?» አለና ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ያኔ ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ አነሣ። በእሱና በሚዜው መካከል ምን እንደነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። የገዛ ጠመንጃው ነበር።

ጣቱን ለማውጣት እንኳ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ጥይቶቹን አውጥቶ በቆሎው ውስጥ በተናቸውና ወንዙ ድረስ ሮጠ። ሚዜውም ወርዶ ነበር።

«ምን አደረግሁህ?» አለው ሚዜው።

«ምንም። ማርያምን ምንም! እያየሁህ ነበር እንጂ።»

«አየሁህ እኮ ስታየኝ» አለና ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ተጣሉ ብሎ የሚያወራ የለም። ሰላም ይባባላሉ፤ ለቅሶም ይደራረሳሉ። ግን ሚዜው በሳምንቱ ማማውን አፍርሶ ከእርሻው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከኮረብታው ጀርባ ተከለው። ሰዎች ለምን ብለው ሲጠይቁት «ነፋስ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ሰውየው ይህችን መልስ በሰማ ቁጥር መሬት ብትውጠው ይመርጣል። አሁን አመሻሽ ላይ ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ባዶ ቦታ ነው።

ይኸውልህ፣ ደግፌ። መነጽሩ ርካሽ ሆነ ውድ፣ የታሰረው ጠመንጃ ላይ ነው። ወዳየህበት ሁሉ አፈሙዙም አብሮህ ይዞራል። አንተም ከሱቅህ ደጃፍ ወንበርህን አውጥተህ፣ ማዶ የተከፈተውን የስፌት ቤት ስታይ ትውላለህ። ስንት ሰው ገባ፣ አዲሱ የስፌት መኪናው ስንት ሱሪ አወጣ። ያንተ አሮጌ መኪና ሃያ ዓመት ልጆችህን ያበላ መኪና ነው፤ ዛሬ ግን አቧራ ለብሷል፣ የሰው ጨርቅም ሳይሰፋ ተከምሮብሃል። ይህ ከጀርባህ የሚበላው በቆሎህ ነው።

እሱስ ይሁን። ባለፈው ቅዳሜ ለአንዲት የሙሽራ እናት «የማዶው ሰፊ ስፌት ሳምንት አይቆይም» አልካት አሉ። አልክ ወይስ አላልክም? አንገትህን አትድፋ፣ እኔን እየኝ! ይሄ ማየት ነው? ይሄ ጣት ነው ልጄ፣ ምላጭ ላይ የገባ። የማዶው ሰፊ ደግሞ አይቶሃል። ትናንት እዚሁ መጥቶ ነበር። ስምህን በክፉ አላነሣም፤ «ቦታው አልተስማማኝም፣ ሌላ ሰፈር ቤት እየፈለግሁ ነው» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ተነሥና ዛሬውኑ ሴትዮዋ ቤት ሂድ። «ስፌቱ ጥሩ ነው፤ ቀንቼ ነው የዋሸሁሽ» በላት። ከዚያ ማየት ካማረህ የፈለግኸውን ያህል እየው። ለማየት ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጥይቱን አውጣ።