የቆቅ በር ሆቴል ሦስት ደረጃዎች

በቆቅ በር ከተማ አደባባይ ፊት ለፊት የቆመው አሮጌ ሆቴል ሁለት ክንፎቹ በጥርብ ድንጋይ የታነጹ፣ በረንዳው በዝግባ ምሰሶ የተደገፈ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። በላይኛው ፎቅ መተላለፊያ መካከል ግን ያለ ምክንያት የገቡ የሚመስሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ክዳኑም እዚያው ላይ ተቆርጦ የግራው ክንፍ ከቀኙ ከፍ ይላል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ሆቴሉን ያነጸው ውባየሁ የሚባል ግንበኛ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ይርዳው በእግር ብረት ታስሮ ነበርና፣ አገረ ገዥው ሥራውን ሲሰጠው «ለኅዳር ሚካኤል እንግዶች ይመጡብኛል፤ ቤቱ ክዳን ለብሶ ካገኘሁት ወንድምህን እፈታዋለሁ፤ አለዚያ ወደ ቆላ ይጋዛል» አለው ይባላል። ቆላው የወባ አገር ስለነበረ፣ ወደዚያ የተጋዘ ሰው ሲመለስ ያየ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ግንበኛ የሚለካው በገዛ ክንዱ ነበር። ውባየሁ የቀኙን ክንፍ ምድር ቤት በስምንት ክንድ ከፍታ ፈጽሞ ግራውን ሲጀምር፣ ከመወጣጫው ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። ሥራውን የተረከበው የሚስቱ ወንድም ቢያድግልኝ ቁመተ ረጅምና ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር።

«ከፍታው ስምንት ክንድ አይደል፣ ጋሼ?» ሲል ከመኝታው አጠገብ ቆሞ ጠየቀው።

«ስምንት። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«እንግዲያስ ተኛ። ድንጋይ እንደ ፍየል አይጠፋብኝም።»

ውባየሁ ስምንት ሲል የራሱን ክንድ ማለቱ ነበር፤ ቢያድግልኝም ሲሰማ ያሰበው የራሱን ነው። የቢያድግልኝ ክንድ በሦስት ጣት ይበልጥ ነበርና፣ ሦስት ጣት ስምንት ጊዜ ሲደመር የግራው ምድር ቤት ከቀኙ በአንድ ሙሉ ክንድ ከፍ አለ። ላይኛውን ፎቅ በሁለቱም ላይ በእኩል ቁመት ስለገነባው፣ ልዩነቱ እስከ ጣሪያው ዘለቀ።

ኅዳር በገባ በአምስተኛው ቀን ውባየሁ እጁን በነጠላ አንጠልጥሎ ወደ ሥራው ሲወጣ፣ ለሁለቱም ክንፎች በአንድ ልክ የተዘጋጀው የጣሪያ እንጨት አልገጠመም። ቢያድግልኝን «ክንድህን ዘርጋ» አለውና ጤነኛ እጁን ከጎኑ አስተካከለ፤ የቢያድግልኝ በሦስት ጣት ተረፈ። ግንቡን ለማፍረስም ሆነ አዲስ እንጨት ከዱር ለማምጣት አንድ ወር ይፈጃል፤ የቀረው ጊዜ ሰባት ቀን ነበር።

ገዥው ፊት ቀርቦ አንድ ወር እንዲጨመርለት ለመነ።

«እኔ ክዳን ጠየቅሁህ እንጂ የክንድህን ነገር መች ጠየቅሁህ?» አለው ገዥው።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ይርዳው በአደባባዩ በኩል ሲወሰድ፣ ክዳን አልባውን ቤት ቀና ብሎ አየና «ወንድም ጋሼ፣ ያምራል» አለ ይባላል። በሰኔ መርዶው መጣ። ቤቱ በሁለት ከፍታ ከተከደነ በኋላ፣ ውባየሁ ሦስቱን ደረጃዎች በግራ እጁ ጠርቦ አስገባና ዳግመኛ ድንጋይ አልነካም።

ዛሬ የቆቅ በር ግንበኞች የሚለኩት በሜትር ነው። ሆኖም መሠረት ከመጣሉ በፊት ባለቤቱ «በማን ክንድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግንበኛውም ስሙን ተናግሮ ክንዱን በዘንግ ላይ ይዘረጋና ልኩን ያስቆርጣል። ዘንጉ ቤቱ እስኪከደን ድረስ በግቢው መካከል ተተክሎ ይቆያል፤ የሚለካበት ግን የለም።