እስከ ክርን

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ጫንያለው። በዚያ አገር ገበያ እሱን የሚያታልል ሻጭ ገና አልተወለደም ይባል ነበር። ሻጩ የጆንያውን አፍ ፈትቶ ነጭ ጤፉን ሲያሳየው፣ ጫንያለው የላዩን ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። እጅጌውን ይሰበስብና ክንዱን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከታች ያለውን ዘግኖ ያወጣል። አፈር ካለው፣ ከረጠበ፣ ከከረመ እህል ጋር ከተቀላቀለ እዚያው ይጋለጣል። "የላዩ የሻጩ ነው፤ የታቹ ነው የእህሉ" ይላል። ሻጩም አንገቱን ደፍቶ ጆንያውን መልሶ ያስራል።

ይህን ብልሃት ከራሱ አላመነጨውም። ያስተማሩት አክስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። እናቱ በወሊድ ስትሞት ከአራስ ቤት አንስተው፣ በጀርባቸው አዝለው ገበያ እየዋሉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሳይወልዱ እናት የሆኑ ሴት ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

"እርጅና፣ ብቻህን ና" ይባላል፤ እሱ ግን መቼ ብቻውን መጥቶ ያውቃል? የወይዘሮ ደብሪቱ ዓይን ደከመ፤ ጉልበታቸው ከዳቸው። አንድ ቀን ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳ። ሌላ ቀን ምድጃ ለኩሰው ረስተውት ቤቱ ለጥቂት ተረፈ። ጫንያለው ቀኑን ሙሉ ገበያ ነው፤ ሚስቱም ሥራ ውላ ነው የምትገባው። ሰውየውን አትፍረዱበት፣ በእውነት ጨንቆት ነበር። እናም አረጋውያንን ተቀብሎ የሚጦር ቤት ይፈልግላቸው ጀመር።

ሦስት ቤቶች አየ። የመጀመሪያው ገና ከበሩ ይሸታል፤ ተመለሰ። ሁለተኛው ውኃ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ ነው፤ ከዚያም ተመለሰ። ሦስተኛው ግን ልብ ያሳርፋል። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ ነርስም አለች። ጫንያለው ቧንቧውን ከፈተ፤ ፍራሹን ተጫነ፤ ወጡን ቀመሰ፤ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር አየ። ኃላፊው አንደበቱ ለስላሳ ነው። "እናቶቻችን እዚህ ተከብረው ነው የሚኖሩት" ይላል። ጫንያለውም ራሱን ይነቀንቃል።

አንድ ስሕተት ግን ሠርቷል። ከሁለት ቀን በፊት ለቤቱ ሰዎች ደውሎ፣ "ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አያለሁ" ብሏቸው ነበር። ወይ ጫንያለው! የትኛውን ጆንያ እንደሚከፍት ለሻጭ አስቀድሞ ተናግሮ የማያውቅ ሰው!

ሊወጣ ሲል፣ ግቢው ውስጥ በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ አረጋውያኑ ነጭ በነጭ ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ከዳር የተቀመጡ አንድ አዛውንት የኮቱን ጫፍ ያዙት።

"ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?"

"አራት ሰዓት ነው፣ አባባ።"

"ነገም ትመጣለህ?"

ኃላፊው ሳቅ ብሎ፣ "ያገኙትን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት፤ እርጅና ነው" አለ። ጫንያለውም ፈገግ ብሎ ኮቱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። አዛውንቱ ለምን ሰዓት እንደሚጠይቁ አልጠየቀም። አጠገባቸውም አልተቀመጠም።

ቤት ሲደርስ አክስቱ ደጃፍ ላይ ይጠብቁት ነበር።

"አየኸው?"

"አየሁት፣ እቴቴ። ትወጂዋለሽ።"

"እጅህን እስከ ክርንህ ሰደድህ?"

የደወለው ስልክ ትዝ አለው። ኮቱን የያዙት አዛውንትም ትዝ አሉት። ግን ቤት ፍለጋ መዞር ሰልችቶታል፤ ገበያውም እየጠበቀው ነው።

"አዎ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "እስከ ክርኔ።"

"እንግዲያው ይሁን" አሉና ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ።

እሑድ የጠያቂ ቀን ነው። ጫንያለው አንድም እሑድ አላጓደለም። አክስቱ ነጠላቸው ነጥቶ፣ ፀጉራቸው ተቀብቶ ይቆዩታል።

"ምን ጎደለሽ፣ እቴቴ?"

"ምንም አልጎደለኝ፤ ተመስገን።"

ብርቱካን ይልጥላቸዋል፤ ጉንጫቸውን ስሞ ይሄዳል። ክረምቱ በዚህ ሁኔታ አለፈ።

አንድ ረቡዕ እህል አራግፎ ሲመለስ በዚያ ሰፈር አለፈ። "እግረ መንገዴን ልያት" አለ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ዘበኛው "ዛሬ እኮ እሑድ አይደለም!" ብሎ ሊያቆመው ሞከረ። ጫንያለው በጎኑ አልፎት ገባ።

አግዳሚው እዚያው ነው። ፀሐይዋ ግን ግቢውን ለቃ ሄዳለች፤ ጥላ ከዋጣቸው ቆይቷል፤ ብርዱ ይጋረፋል። ጠዋት አውጥቶ ያስቀመጣቸው ሰው መልሶ አላስገባቸውም፤ የሚገቡበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ነጭ ልብስ የሚባል የለም፤ የተቀደደ ሹራብ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጋቢ ደርበዋል። አንዳንዶቹ ከሥራቸው ረጥበዋል። ሁለት ሠራተኞች በረንዳው ላይ ስልካቸውን ያያሉ። ከዳር፣ እኒያ አዛውንት ተቀምጠውበት በነበረው ቦታ፣ አክስቱ ተቀምጠዋል። አዛውንቱ የሉም።

ሄዶ ፊታቸው ቆመ። ዓይናቸው ደክሟልና አልለዩትም። እጃቸውን ዘርግተው የኮቱን ጫፍ ያዙ።

"ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?"

ጫንያለው ጎንበስ አለላቸው።

"ነገም ትመጣለህ?"

"እኔ ነኝ፣ እቴቴ። ጫንያለው ነኝ።"

አክስቱ ክው አሉ። ጋቢውን ጎትተው የረጠበ ቀሚሳቸውን ለመሸፈን ተጣደፉ። "ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ነጠላዬን ሳያለብሱኝ ምን አመጣህ!"

እግራቸው ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "ለምን አልነገርሽኝም? በየሳምንቱ እየመጣሁ እንዴት አትነግሪኝም?"

"ምን ልበልህ፣ ልጄ? እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ አይቻለሁ ብለኸኝ የለ? በእጄ ያሳደግሁትን ልጅ ዋሽተኸኛል ልበለው?"

በዚያችው ሰዓት አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገባቸውና ቤቱ ወሰዳቸው። ቀን ቀን የምታግዛቸው ሴት ፈለገ፤ አልጋቸውንም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አደረገ። ምን ዋጋ አለው? ከዚያ ወዲያ የኖሩት አራት ወር ብቻ ነው። እዚያው በገዛ ልጃቸው ቤት ሆነው፣ ባጠገባቸው ያለፈውን ሁሉ ልብሱን እየያዙ፣ "ስንት ሰዓት ሆነ? ነገም ትመጣለህ?" ይሉ ነበር። ጫንያለውም "እዚሁ ነኝ፣ እቴቴ፤ የትም አልሄድም" ይላቸዋል። አንዴ ዋሽቷቸዋልና፣ ይመኑት አይመኑት እስኪቀብራቸው ድረስ አላወቀም።

እንግዲህ ጥፋቱ አረጋዊን ለሰው እጅ መስጠቱ አይደለም። ችግር ያመጣዋል፤ በጎ ቤትና በጎ ሰውም ከአገር አልጠፋም። ጥፋቱ ለጤፍ ያልነፈግነውን ክንድ ለወላጅ መንፈጉ ነው። ቤቱን ልታይ ስትሄድ ሳትነግር ሂድ። ቧንቧውና ቀለሙ ይቆዩህ፤ ከአግዳሚው ዳር ካለው ሰው አጠገብ ተቀመጥና ፀሐይዋ እስክትዞር ጠብቅ። ኮትህን ከያዘህም አታስለቅቅ፤ የጆንያው ታች ያ ሰው ነው።

ይህን ያነበብህ ሆይ፣ አንተስ ለምታምንህ እናትህ "አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው" ያልካት ነገር አለ? ያን ቀን እጅህ የደረሰው እስከ የት ነበር?