ማንም ያልተቀመጠበት መከዳ

፦ ተረት ተረት።
፦ የሐር ጥለት።

በድሮ ዘመን፣ ከፀሐይ መውጫ ማዶ፣ በታይ አገር፣ በአንድ ታላቅ ወንዝ ዳር ካምላ የምትባል ሸማኔ ልጃገረድ ነበረች። አያቷ ያይ ቡንሚ ይባላሉ፤ «ያይ» በእነርሱ አገር አያት ማለት ነው። አሮጊቷ ከእናታቸው የወረሱት አንድ የሐር ጥለት ነበራቸው። ጥለቱ አገሩ የሚያከብረው፣ ዝናብ የሚያመጣው የወንዙ ዘንዶ ነው፣ ራሱን ቀና አድርጎ። በዚያ ዘመን ግን ረጅሙን የሐር ቀሚስ የሚለብስ ጠፋና የመንደሩ ልጃገረዶች መወርወሪያቸውን ሰቅለው ወደ ከተማ ሄዱ። ካምላ ብቻ ቀረች። ጥለቱ ከአያቷ ጋር እንዳይቀበር ትሰጋ ነበር።

አንድ ቀን ከከተማ ነጋዴ መጣና እንዲህ አላት፦
፦ ይህን ጥለት መቀመጫ መከዳ አድርጊልኝ፤ የሠራሽውን ሁሉ እወስዳለሁ።

ያይ ቡንሚ ሰምተው ሣቁ።
፦ ዘንዶ ላይ ተቀምጦ የተነሣ ሰው አይተሃል፣ ልጄ?
፦ እማማ፣ ክር እኮ ነው።
፦ አንተም ሥጋ ነህ፤ እንቀመጥብህ?

ነጋዴው በመጪው ወር እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ካምላ ግን አያቷን ለመነች። አሮጊቷም እንዲህ አሏት፦
፦ ሥሪው እንግዲህ። ከመንደራችን አንድ ሰው ከተቀመጠበት እኔም እፈቅዳለሁ።

ካምላም ሸመነችና ሰፋችና ጥጥ ሞላችና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ፊተኛው እንግዳ መከዳውን አየና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ተከታይዋም ወለሉ ላይ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ መሬት ሆኖ፣ መከዳው ብቻውን እንደ ንጉሥ መካከል ላይ ተሰየመ። የካምላ ዐይን እንባ አቀረረ።

ድንገት ዶፍ ወረደ። ደጅ የተሰጣ ሩዝ ነበርና ያይ ቡንሚ ያገኙትን አንሥተው፣ ራሳቸው ላይ ደፍተው ሮጡ። ያነሡት ያን መከዳ ነው። ካምላም ተከተለቻቸው።
፦ ያይ፣ ዘንዶውን ምን እያደረጉት ነው?

አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱና ክው አሉ። ከዚያም ፈገግ አሉ።
፦ ከራስ በላይ ከሆነማ ቦታው ነው። ነውሩ ከሥር ሲሆን ነው።

ካምላ እንባዋ ሳይደርቅ ሣቀች። ሩዙን ካስገቡ በኋላ ቀርከሃ ሰነጠቀች። ከዚያም ዘንዶውን በሐር ሸመነችና ውሃ እንዳያሳልፍ የዛፍ ሙጫ ቀባችው።

ነጋዴው በቀጠሮው ቀን በዝናብ መጣ።
፦ መከዳዬስ?
፦ ይህን ይዘርጉት፣ ጌታዬ።

ቢዘረጋው ጥላ ነው። ዘንዶው ከአናቱ በላይ ተጠምጥሞ ዝናቡን መለሰለት። ነጋዴውም መከዳውን ረሳና ጥላ በጥላ ላይ አዘዘ። ልጃገረዶቹም ወሬውን ሰምተው ተመለሱ፤ ከየቤቱ የመወርወሪያ ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ከዘነበ፣ ሴቶቹ ጥላቸውን ዘርግተው በሰልፍ ሲወርዱ ለተመለከተ፣ ዘንዶው ራሱ ወንዙን ትቶ ገበያ የወጣ ይመስል ነበር። ያይ ቡንሚም ከደጃቸው ሆነው ይስቁ ነበር።
፦ ዝናቡን የሚያመጣ እርሱ፣ የሚከልል እርሱ፤ እንግዲህ ማንን እንማ?

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ጉርሻዬን አቀብሉኝ።