ያልጮኸው ውሻ

አንዲት እናት ነበረች። ውሻዋ ቤቷ በመጣ እንግዳ ላይ አለመጮኹን ያስተዋለችው እንግዳው ተሸኝቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ቡቺ ቅጠል ኮሽ ቢል ሰፈር የሚያውክ ውሻ ነበር። ያን ቀን ግን ደጃፉ ላይ ተኝቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለሃጩ ይዝረበረባል።

ጎረቤቷ ጋሽ ምንዳዬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አዩት። «አጥንት ተቀርቅሮበት ነው። አውጡለት እንጂ!»

«ያበደ እንዳይሆን፣ ጋሼ?»

«አንቺ ደግሞ! ደመና ባየሽ ቁጥር ጎርፍ መጣ ነው የምትዪው። ያበደ ውሻ እንዲህ እግር ሥር ይተኛል? ያበደማ ያገኘውን ይናከሳል!»

በፍርሃቷ አፍራ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ልጇ ብስራት እጅጌዋን ሰብስባ ጣቶቿን የውሻው ጉሮሮ ውስጥ ከትታ ነበር።

«እማ፣ አጥንት የለም» አለች። ጥርሱ ጣቷን ጫር አድርጓታል።

አጥንት የለም! ሰማችሁ? ታዲያ አፉን ምን ከፈተው?

እናቲቱ ዘወር ስትል የውሃ ሳህኑን አየች። ጠዋት እንደሞላችው ነው፤ ውሻው አልነካውም። ክው አለች።

ልጇን ጎትታ ቧንቧ ሥር አቆመቻት። ቁስሉን በሳሙና አጠበች፣ ደግማ አጠበች፣ አሁንም አጠበች። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ በረሩ።

«ውሻው ይጮኻል?» አለች ነርሷ።

«ኧረ ዝም ብሏል።»

«አፉንስ ይዘጋል?»

«አይዘጋም።»

የነርሷ ፊት ተለወጠ። «እናት፣ እብደት ብለን ስም ያወጣንለት እኛ ነን። በሽታው አንዱን ውሻ ያናክሰዋል፤ የሌላውን መንጋጋና ጉሮሮ ሽባ አድርጎ ዝም ያሰኘዋል። ቫይረሱ ያለው ለሃጩ ውስጥ ነው። ከቁስል ተነስቶ በነርቭ እየተሳበ ወደ አንጎል ይሄዳል። እዚያ ደርሶ ምልክቱ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ነው። አሁን ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በክትባት እንቀድመዋለን።»

ቡቺ አንድም ጊዜ ሳይጮኽ ሞተ። ጋሽ ምንዳዬ ራሳቸውን ይዘው፣ «አውጡለት ያልኩት እኔ!» እያሉ አለቀሱ። ብስራት ግን ክትባቷን አንዱንም ሳታስቀር ጨረሰች።

ወገኖቼ፣ የሚናከሰውንማ ማን ያጣዋል? ስካሩን፣ ዱላውን፣ ስድቡን ከሩቅ አይተን እንሸሻለን። እግራችሁ ሥር ዝም ብሎ የተኛውስ? ከወንድማችሁ ጋር ሳትጣሉ የተዘጋጋችሁትስ? ማዕድ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚነሳው ልጃችሁስ? «ድካም ነው፣ ያልፋል» አላችሁት አይደል? እስቲ ሳህኑን እዩ፤ ጎድሏል? ገና መንገድ ላይ ሳለ ቅደሙት! ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት ዝም ያለውን በስሙ ጥሩት።

ያቺ እናት ክትባቱ ያለቀ ዕለት ማታ በሩን ልትቆልፍ ሄዳ ቆመች።

«ብስራት!»

ዝም።

«ብስራት!»

«አቤት እማ! ምነው፣ እዚሁ ነኝ እኮ!»

ያን ጊዜ ቁልፉን አዞረችው።